ቬስታ፦ በ525.4 ኪ.ሜ. ሳሰላ እፍጋቷ ለምን 3,412 ይመጣል?

ሰንጠረዥ
ሰላም ለሁላችሁ። የ4ኛዋን አስትሮይድ የቬስታን እፍጋት በእጄ ላሰላ ብል ከታተመው ጋር አልገጥም አለኝ። ያደረግሁት ይኸው፦ አማካይ ዲያሜትር 525.4 ኪ.ሜ.፣ ሬዲየሱ 262.7። የሉል ይዘት ቀመር ውስጥ ሲገባ 75.94 ሚሊዮን ኪዩቢክ ኪ.ሜ.። መጠነ ቁሷ 2.59076 × 10²⁰ ኪ.ግ.። ሲካፈል 3,412 ኪ.ግ. በኪዩቢክ ሜትር። የታተመው ግን 3,456 ነው። 1.3 በመቶ ትንሽ ናት ትሉኝ ይሆናል፤ ግን መጠነ ቁሱ በስድስት አሃዝ ተሰጥቶ ሳለ መልሱ እንዲህ መሳት የለበትም። ሦስቴ ደግሜ አሰላሁት፣ ያው ነው። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

ምህዋር_ቆጣሪ
ስሌትህ ልክ ነው። ያታለለችህ «አማካይ» የምትለዋ ቃል ናት። ቬስታን እየዞረ ያጠናው ዶውን መንኮራኩር የለካቸውን ሦስት ዘንጎች ውሰድ፦ 572.6፣ 557.2 እና 446.4 ኪ.ሜ.። ደምረህ ለሦስት ስታካፍል ቁልጭ ያለ 525.4 ይወጣልሃል። ስለዚህ 525.4 የሦስቱ ዘንጎች ተራ አማካይ እንጂ ከቬስታ ጋር እኩል ይዘት ያለው ሉል ዲያሜትር አይደለም። ይዘት የሚገኘው ዘንጎቹን በማባዛት ስለሆነ፣ ዘንጎቹ እኩል እስካልሆኑ ድረስ በተራ አማካይ የተሠራ ሉል ሁልጊዜ ከእውነተኛው ይተልቃል። ቬስታ ደግሞ ከላይና ከታች የተጫነች ናት፤ ከዋልታ ዋልታ ያላት ርዝመት ከወገቧ ስፋት ከ110 ኪ.ሜ. በላይ ያንሳል።

እንዲህ አድርገው፦ የዘንጎቹን ግማሽ (286.3፣ 278.6፣ 223.2) እርስ በርስ አባዛና ውጤቱን በ4.18879 (4π/3) አባዛ። 74.57 ሚሊዮን ኪዩቢክ ኪ.ሜ. ታገኛለህ፣ እፍጋቱም 3,474 ይሆናል። አሁን ደግሞ በ18 በለጠ። ይሄኛው ልዩነት የመጣው ቬስታ የተስተካከለ ኤሊፕሶይድ ስላልሆነች ነው። ከፎቶግራፎቹ በተሠራው የገጽታ ሞዴል ይዘቷ 74.97 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ በእሱ ስታካፍል 3,456 ላይ ታርፋለህ።

የቆየ መጽሐፍ ላይ 530 እና ከዚያ በላይ ካየህም አትደናገጥ። ከዶውን በፊት የነበረው ምርጥ ልኬት የሃብል ቴሌስኮፕ 578 በ560 በ458 ነበር፣ ያውም በየዘንጉ እስከ 10 ኪ.ሜ. የሚደርስ ግምታዊ ስህተት ይዞ።

ሰንጠረዥ
ገባኝ፣ እግዜር ይስጥህ! ለካ ይዘት ስፈልግ የደመርኩትን ነው የወሰድኩት። አንድ ልጨምር፦ ሚዛን ላይ የማትወጣ ነገር መጠነ ቁሷ እንዴት እስከ ስድስት አሃዝ ታወቀ? ጋሽ ዶፕለር እዚህ ካሉ ይህቺ የእርስዎ ናት።

ዶፕለር
አለሁ። መጀመሪያ አንድ ማስተካከያ፦ 2.59076 በ2012 የታተመው ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲህ የዶውን የሬዲዮ መረጃ በሙሉ ተጣርቶ የስበት ቋሚው በመጠነ ቁሷ ሲባዛ የሚሰጠው ቁጥር 17.288 ኪዩቢክ ኪ.ሜ. በሰከንድ ካሬ ሆኗል፣ ይህም 2.5903 × 10²⁰ ኪ.ግ. ገደማ ነው። ለእፍጋቱ ለውጥ አያመጣም። ይሁን እንጂ ልብ በል፦ መንኮራኩር የሚለካው ብዜቱን እንጂ ኪሎግራሙን አይደለም። የስበት ቋሚው ራሱ በላቦራቶሪ የሚታወቀው እስከ አምስት አሃዝ ግድም ስለሆነ፣ የኪሎግራሙ እርግጠኝነት በዚያ ይወሰናል። ለዚህ ነው የምህዋር ሰዎች ሁሌም በብዜቱ የሚሠሩት።

ከመንኮራኩር በፊት መለኪያው ሌላ አስትሮይድ ነበር። 197ኛዋ አሬቴ በየ18 ዓመቱ ገደማ ወደ ቬስታ ትጠጋለች፣ ርቀቱ 0.04 የሥነ ፈለክ ክፍል ወይም 6 ሚሊዮን ኪ.ሜ. ያህል ነው። ሃንስ ኸርትስ በ1966 የአሬቴ መንገድ ምን ያህል እንደተጣመመ ከተመዘገቡት ቦታዎቿ አውጥቶ የቬስታን መጠነ ቁስ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰላ።

ዶውን ከደረሰ በኋላ ግን ነገሩ የኬፕለር ሕግ ብቻ ነው፣ አንተም ልትሠራው ትችላለህ። ዝቅተኛው ምህዋር ከቬስታ ማዕከል 475 ኪ.ሜ. ያህል ነበር፣ አንዱ ዙር 4.34 ሰዓት። 475ን ሦስቴ አባዛ፣ በ39.478 (4π²) አባዛ፣ ለ15,624 ሰከንድ ካሬ አካፍል። 17.3 ታገኛለህ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው 210ን በማስገባት ነው፤ 210 ኪ.ሜ. ከገጽታዋ ያለው ከፍታ እንጂ ከማዕከሏ ያለው ርቀት አይደለም። ቀሪዎቹ አሃዞች የሚመጡት ሬዲዮው ወደ መሬት ሲደርስ በሚያሳየው የዶፕለር ለውጥ (በመንኮራኩሩ ፍጥነት የተነሳ የሚመጣ የሞገዱ ድግግሞሽ ለውጥ) ነው፣ መንኮራኩሩ በሰከንድ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ ይታያል። የሚያበላሸውም ይታወቃል፦ የፀሐይ ብርሃን ግፊት፣ እንዲሁም አቅጣጫ ለማስተካከል የሚተኮሱት ትንንሽ ጄቶች። እያንዳንዱ ተኩስ ተመዝግቦ ስሌቱ ውስጥ ካልገባ የቬስታ ስበት መስሎ ይቆጠራል።

ሌላም አለ። ቬስታ በ5.342 ሰዓት አንዴ በዛቢያዋ ትዞራለች። የምህዋር ዙርህ ከዚህ ጋር እኩል የሚሆነው ከማዕከሏ 545 ኪ.ሜ. ላይ ነው፣ ከከፍተኛው የካርታ ምህዋር (950 ገደማ) ወደ ዝቅተኛው (475) ስትወርድ መሃል መንገድ ላይ ማለት ነው። እዚያ ላይ ከቆየህ ያው የቬስታ እብጠት በየዙሩ ያው ቦታ ላይ እየጎተተ ምህዋርህን ያዛባዋል። ዶውን ደግሞ በአዮን ሞተር ቀስ እያለ የሚወርድ መንኮራኩር ስለነበር ያቺን ማለፊያ አስቀድሞ ማቀድ ግድ ነበር።

ሰንቡላ
ስሌቱን እናንተ ያዙት፤ ስለ ግኝቷ ግን አንድ ሰው ይጻፍ እንጂ። በየድረ ገጹ «ኦልበርስ በ1807 አገኛት» ተብሎ ይታለፋል፣ ዋናው ነገር ግን እንዴት እንዳገኛት ነው።

ሃይንሪክ ኦልበርስ የብሬመን ሐኪም ነበር፤ ቀን በሽተኛ ያያል፣ ማታ ከቤቱ ፎቅ ሰማይ ያያል። ፒያትሲ በጃንዋሪ 1 1801 ከፓሌርሞ ሴሬስን አገኘ፣ ኦልበርስ በማርች 1802 ፓላስን። ሁለቱ ምህዋሮች ከፀሐይ የሚርቁበት ልክ ተቀራራቢ መሆኑን ሲያይ «አንድ ፕላኔት ፈንድቶ የቀሩ ስብርባሪዎች ናቸው» አለ። እንዲያ ከሆነ ስብርባሪዎቹ ሁሉ ፍንዳታው በደረሰበት ቦታና በተቃራኒው በኩል ደግመው ደጋግመው ማለፍ አለባቸው። እነዚያ ሁለት አቅጣጫዎች በሰንቡላ (ቨርጎ) እና በሴተስ ኅብረ ከዋክብት ላይ ወደቁ። ሃርዲንግ በሴፕቴምበር 1804 ጁኖን ያገኘው በሴተስ አቅራቢያ ሲሆን ኦልበርስ ይበልጥ በረታ፤ በየጊዜው እነዚያኑ ሁለት የሰማይ ክፍሎች እየደጋገመ ፈተሸ፣ በማርች 29 1807 ሰንቡላ ውስጥ ቬስታን አገኘ።

መላ ምቱ ስህተት ነበር። የአስትሮይዶቹ ቀበቶ የፈነዳ ፕላኔት አይደለም፣ የዛሬው መጠነ ቁሱ ሁሉ ተደምሮ ከጨረቃ በጣም ያንሳል። ሆኖም ስህተቱ ትክክለኛው ቦታ ላይ አቁሞታል! ስሟን የሰጣት የሒሳብ ሊቁ ጋውስ ነው፣ የሮማውያን የምድጃ አምላክ ስም፤ የመጀመሪያዋን ምህዋሯንም በ10 ሰዓት ሥራ አስልቶ ጨረሰ። ከቬስታ በኋላ አምስተኛዋ አስትሬያ እስክትገኝ 38 ዓመት አለፈ፣ ዲሴምበር 1845።

ዘመን_ቆጣሪ
እግረ መንገዴን፦ ማርች 29 1807 በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 21 ቀን 1799 ነው። አንዳንድ ቦታ መጋቢት 20 ተብሎ የሚጻፈው የዛሬውን ልዩነት ወደኋላ በመውሰድ ነው። 1900 በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሠግር አልነበረም፣ ስለዚህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጋቢት 1 የሚውለው ማርች 9 ላይ እንጂ እንደ አሁኑ ማርች 10 ላይ አልነበረም። የቆየ የሰማይ ምልከታ የምትተረጉሙ ሰዎች ይህቺን አንድ ቀን ተጠንቀቁ።

ሰንጠረዥ
ይህን ማን ያስባል! እሺ፣ 3,456 ካገኘሁ በኋላ ምን ይነግረኛል? ባዛልት 2,900 ገደማ ነው፣ ብረት 7,800።

ጥቁር_ድንጋይ
የሚነግርህ ድንጋይ መሆኗን፣ ከውስጧም ከባዛልት የሚከብድ ነገር እንዳለ ነው። ከዚያ በላይ ለማለት ድንጋዩን በእጅ መያዝ ያስፈልጋል፤ ደግነቱ ይዘነዋል።

ማኮርድ፣ አዳምስና ጆንሰን በ1970 የቬስታን ብርሃን በስፔክትረም ከፍለው 0.9 ማይክሮሜትር ላይ ሰርጎድ ያለ ጥቁር መስመር አገኙ። ይህ የፓይሮክሲን ማዕድን ምልክት ነው፣ ቅርጹም ዩክራይት ከሚባሉ የሰማይ ድንጋዮች ጋር ገጠመ። ዩክራይት፣ ዳዮጀናይትና ሃዋርዳይት አንድ ቤተሰብ ናቸው፦ ዩክራይት የገጽታ ላቫ፣ ዳዮጀናይት ከሥር ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ፣ ሃዋርዳይት ሁለቱ በግጭት ተፈጭተው የተጋገሩት። ሲወድቁ ታይተው ከሚሰበሰቡት ድንጋዮች ከመቶ 6 ያህሉ ከዚህ ቤተሰብ ናቸው። የቀረው ጥያቄ «ከዚያ ወደዚህ እንዴት መጡ?» የሚል ነበር። በ1993 ቢንዘልና ሹ ከቬስታ አጠገብ ጀምሮ ከፀሐይ 2.5 የሥነ ፈለክ ክፍል እስከሚርቀው ቦታ ድረስ የተዘረጉ ተመሳሳይ ስፔክትረም ያላቸው ትንንሽ አስትሮይዶች አገኙ። 2.5 ላይ የጁፒተር ስበት የሚጠርገው ክፍተት አለ፤ እዚያ የገባ ድንጋይ ምህዋሩ ይለጠጥና ወደ መሬት መንገድ ይወረወራል።

ድንጋዩ የተነሳበት ጉድጓድም ታውቋል፦ ደቡብ ዋልታዋ ላይ ያለው ሬያሲልቪያ፣ 505 ኪ.ሜ. ስፋት፣ 19 ኪ.ሜ. ያህል ጥልቀት፣ መሃሉ ላይ ከ20 ኪ.ሜ. በላይ ከፍታ ያለው ጉብታ። ከሥሩ ደግሞ ከእሱ የሚቀድም ቬኔኔያ የሚባል 400 ኪ.ሜ. ግድም ጉድጓድ አለ። ግጭቱ ቬስታን እንዴት እንደናጣት ለማየት ወገቧን ተመልከቱ፦ ዲቫሊያ የተባለው ሸለቆ 465 ኪ.ሜ. ርዝመት፣ 22 ኪ.ሜ. ስፋት፣ 5 ኪ.ሜ. ጥልቀት አለው።

አሁን ለእኛ አገር ሰው የሚጠቅም። የደጋችን ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፣ ዩክራይትም ባዛልት ነው፤ ስለዚህ «የሰማይ ድንጋይ አገኘሁ» የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው ማግኔት ነው። ለዩክራይት ይህ ፈተና የተገላቢጦሽ ነው። አብዛኞቹ ሌሎች የሰማይ ድንጋዮች ብረት ስላላቸው ማግኔት ይይዛሉ፤ ዩክራይት ግን ብረት የለውም ቢባል ይቀላል። የእኛው የምድር ባዛልት ግን ማግኔታይት ስላለው ብዙ ጊዜ ይሳባል። ማግኔት የያዘ ጥቁር ድንጋይ ዩክራይት ላለመሆኑ ጥሩ ጥርጣሬ ነው። የሚታየው ቅርፊቱ ነው፦ አዲስ የወደቀ ዩክራይት ካልሲየም ስለሚበዛው ቅርፊቱ ቫርኒሽ የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል፣ ውፍረቱም ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው፤ ጠርዙ ላይ ስታዩት ውስጡ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው። ባዛልት ላይ የሚታዩት የጋዝ ቀዳዳዎች እዚህ እጅግ ብርቅ ናቸው። የመጨረሻው ፍርድ ግን የላቦራቶሪ ነው፦ በፓይሮክሲኑ ውስጥ የብረትና የማንጋኒዝ ንጽጽር 30 ገደማ ከሆነ የቬስታ ቤተሰብ ነው፤ የጨረቃ ድንጋይ ሁለት እጥፍ ያሳያል።

ምህዋር_ቆጣሪ
ጥሩ ነው፣ ግን «ከውስጧ የሚከብድ ነገር አለ» ላይ ቀስ በል። በ2012 የወጣው የዶውን ውጤት ከ107 እስከ 113 ኪ.ሜ. ሬዲየስ ያለው የብረት እምብርት ይላል፣ 18 በመቶ የሚሆነውን መጠነ ቁሷን የያዘ። ያ ቁጥር እንዴት እንደመጣ እንይ። መንኮራኩሩ የለካው የስበቷን ጥፍጥፍነት ነው። ከዚያ ሦስት ንብርብር ተገመተ፣ ለቅርፊቱና ለመካከለኛው ንብርብር ከሰማይ ድንጋዮቹ እፍጋት ተወሰደ፣ የቀረው ለእምብርቱ ተተወ። የቅርፊቱን እፍጋት በትንሹ ብትቀይረው እምብርቱ ያድጋል ወይም ይሟሽሻል። ጥፍጥፍነት ብቻውን ውስጡን አይነግርህም።

የጎደለው የመዞር ግትርነቷ ነበር፣ ማለትም ቁሱ ከዛቢያው ምን ያህል ርቆ እንደተቀመጠ። ይህን ለማግኘት ዛቢያዋ እንዴት እንደምትወዛወዝ መለካት አለብህ፣ ውዝዋዜው ደግሞ ኢምንት ነው። የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ቡድን የዶውንን መረጃ እንደገና አጣርቶ በ2025 ያወጣው ውጤት እምብርቱ ከታሰበው እጅግ ያነሰ ነው የሚል ነው፣ የውስጧ ቁስ አንድ ወጥ ወደመሆን ያደላል።

ጥቁር_ድንጋይ
ያን አንብቤዋለሁ፣ ድንጋዮቹ ግን እሺ አይሉም። ዩክራይቶቹ ከብረት ጋር የሚሄዱ ንጥረ ነገሮች ተሟጠውባቸዋል። ብረቱ ቀልጦ ወደ ታች ካልወረደ የት ሄደ? የማቅለጫው ሙቀትም ነበር፦ አሉሚኒየም 26 በየ700 ሺህ ዓመቱ ግማሽ በግማሽ እየፈረሰ ያሞቃል፣ ቬስታም በቶሎ ስለተሠራች ሙሉው ሙቀት ደርሷታል።

ምህዋር_ቆጣሪ
ለዚህ ነው ሁለት መላ ምት የቀረበው። አንደኛው፣ መቅለጥ ጀምራ ሳትጨርስ ቀዘቀዘች። ይህ ከድንጋዮችህ ጋር አይታረቅም። ሁለተኛው፣ ቬስታ ራሷ የአንድ ትልቅ የቀለጠ አካል ስብርባሪ ናት፤ እምብርቱ ሌላ ቦታ ቀርቷል፣ እሷ ከቅርፊትና ከመካከለኛው ንብርብር ፍርስራሽ ተሰብስባ የተሠራች ናት። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፣ ግን ከውዝዋዜዋ መለኪያ ሌላ ራሱን የቻለ ማስረጃ ሳይመጣ አልወራረድም።

ሰንቡላ
ኦልበርስ ይህን ቢሰማ «አላልኳችሁም?» ይል ነበር 😄

ካርታ
ካርታ ለማውረድ ለምታስቡ አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። በቬስታ ላይ ሁለት የኬንትሮስ ሥርዓቶች አሉ። የዶውን ቡድን ዜሮውን የወሰነው ክላውዲያ ከምትባል 700 ሜትር ስፋት ካላት ጉድጓድ ነው፣ ክላውዲያ በ356 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ትውላለች። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የተቀበለውና በናሳ የፕላኔት መረጃ ቋት ውስጥ ያለው ግን ክላውዲያን በ146 ላይ ያስቀምጣታል፣ በሃብል ዘመን ከነበረው ካርታ ጋር ለማስማማት። ልዩነቱ 150 ዲግሪ ነው። የዶውን ጽሑፎች ላይ ያለውን ኬንትሮስ ወደ ኅብረቱ ለመለወጥ 150 ደምሩ፣ ከ360 ካለፈ 360 ቀንሱ። ሁለት ንብርብር ካርታ ደራርባችሁ ጉድጓዶቹ ካልገጠሙ ፋይሉ ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት ክላውዲያን ፈልጉ።

ሰንጠረዥ
በ10×50 ባይናኩላር ትታያለች? ወይስ ቴሌስኮፕ ግድ ነው?

ባለ10በ50
ትታያለች። ቬስታ ከብርሃን 40 በመቶ በላይ ስለምታንጸባርቅ ከአስትሮይዶች ሁሉ ደማቋ ናት፤ ስትቀርብ ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይደምቃል) 5.1 ትደርሳለች፣ ያኔ በጨለማ ቦታ በባዶ ዓይንም ትታያለች። የሚቀጥለው ከፀሐይ ተቃራኒ የምትሆንበት ጊዜ ኦክቶበር 2026 ነው፣ በሴተስ ውስጥ። ያኔ ደብዘዝ ትላለች፣ ከ6 በላይ ናት፣ ለባይናኩላር ግን ቀላል ነው። ከኢትዮጵያ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ከአናት ብዙም አትርቅም፣ ክረምቱም ወጥቷል።

ስቴላሪየም የምትጠቀም ከሆነ መጀመሪያ የምህዋር መረጃውን አድስ። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው የቆየ ከሆነ ቬስታ ካለችበት ፈቀቅ ያለ ቦታ ላይ ያሳይሃል፣ በባይናኩላር ዕይታ ውስጥ ደግሞ አጠገቧ ያለ ተራ ኮከብ ይዘህ ትመለሳለህ። ዲስክ አትጠብቅ፤ በቅርቧ እንኳ ስፋቷ 0.6 ቅስት ሰከንድ ነው፣ ኮከብ ነው የምትመስለው። የምትለየው በመንቀሳቀሷ ብቻ ነው። ተቃራኒ በሆነችበት ሰሞን በቀን ሩብ ዲግሪ ትሄዳለች፣ የሙሉ ጨረቃን ግማሽ ስፋት። በዕይታህ ውስጥ ያሉትን ሰባት ስምንት ኮከቦች ወረቀት ላይ በነጥብ ሣል፣ በሁለተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ደግመህ ሣል። ቦታዋን የለቀቀችው ነጥብ ቬስታ ናት።

ዶፕለር
ካሜራ ያለው ሰው የመዞሪያ ሰዓቷንም ሊለካ ይችላል፣ ግን ይጠንቀቅ። የብርሃኗ መዋዠቅ 0.12 ማግኒቲዩድ ብቻ ነው። አብዛኞቹ አስትሮይዶች ረዘም ያለ ቅርጽ ስላላቸው በአንድ ዙር ሁለቴ ይደምቃሉ፤ ቬስታ ላይ ግን የሚያይለው ቅርጿ ሳይሆን አንዱ ጎኗ ከሌላው መድመቁ ነው፣ ስለዚህ በዙር አንዴ ብቻ ትደምቃለች። የተለመደውን የሁለት ጫፍ ልማድ የተከተለ ሰው 10.68 ሰዓት ያወጣል። ትክክለኛው ግማሹ ነው፣ 5.342። እና ምስሉን አታቃጥሉት፤ ከዙሪያዋ ካሉ ማነጻጸሪያ ኮከቦች ይልቅ እሷ ስለምትደምቅ መጀመሪያ የምትሞላው እሷ ናት። የተጋላጭነት ጊዜውን በእሷ ልክ ወስናችሁ ብዙ ምስል ደርቡ።

ሰንጠረዥ
የእኛዋ ጨረቃስ ያን ሰሞን በብርሃኗ አታስቸግርም?

ባለ10በ50
ጨረቃ የምትጠፋው ኦክቶበር 10 ነው። መስከረም 30 ቀን 2019፣ ዘመን_ቆጣሪ ካልነቀፈኝ።

ዘመን_ቆጣሪ
ልክ ነህ።